የምንትዋብ ሦስተኛ ቁጥር

ጆሮ ያለው ጠጋ ይበል፣ ሥራ ያለው ሥራውን ይዞ ይስማ። የማወራው ስለ አንዲት ትንሽ ፍላጎት ነው። ትንሽ ብትሆንም አምስት ሰው አስቸግራለች።

በአንድ ዩኒቨርሲቲ፣ በሴቶች መኖሪያ ብሎክ ሰባት፣ ምንትዋብ የምትባል የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበረች። ፍላጎቷም ይህች ብቻ ነበረች፦ ስልክ ቁጥሬ በር ላይ አይለጠፍ።

በዚያ ብሎክ ልማድ፣ በየሴሚስተሩ መጀመሪያ የተማሪዎቹ ስም፣ የዶርም ቁጥርና ስልክ ፎርም ላይ ይሞላና መግቢያው በር ላይ ይለጠፋል። «ለአደጋ ጊዜ ይጠቅማል» ይባላል። የጠቀመው ግን በበሩ የሚያልፈውን ሥራ ፈት ነው። የምንትዋብ የመጀመሪያ ቁጥር ሲለጠፍ የማታውቀው ሰው ሁሉ «ማን ልበል?» እያለ ደወለላት። ቁጥሯን ቀየረች። ሁለተኛው ሲለጠፍ ደግሞ አንዱ በቁጥሩ ቴሌግራሟን አገኘ፣ ፎቶዋን ወሰደ፣ በስሟ ሌላ አካውንት ከፈተ፤ የወንድሟንም ስም ከፌስቡክ ለቅሞ «ታምሜአለሁ፣ ድረስልኝ» ብሎ ጻፈለት። ምስኪኑ ወንድሟ የአንድ ቀን መንገድ በአውቶቡስ መጥቶ ሲደርስ፣ ካፌ ተቀምጣ ምሳዋን ስትበላ አገኛት። አባቷ ይህን ሲሰሙ «ለሦስተኛ ጊዜ ከተደገመ ትምህርቱ ይቅር፤ ጓዝሽን ይዘሽ ነይ» አሉ። አባቷ ያሉትን የሚያደርጉ ሰው ናቸው። አሁን ምንትዋብ ሦስተኛ ሲም ካርድ አውጥታለች፤ አዲሱ ዝርዝር ደግሞ ዛሬ አስር ሰዓት ላይ ይለጠፋል።

ብሎኩን ወደሚቆጣጠሩት ፕሮክተር፣ ወደ እትዬ ዘርፌ ሄደች።

«እትዬ ዘርፌ፣ እባክዎ የኔን ስልክ ይለፉት።»

«አልችልም ልጄ» አሉ እትዬ ዘርፌ። «ፎርሙ የስልክ ቦታ አለው። ባዶ ከተውኩት ተመላሽ ይሆንብኛል። የስልክ ቦታ የሌለው ፎርም ብታመጪልኝ ግን ምን ገዶኝ! ፎርም የሚያድለው ደምሰው ነው።»

እሺ ብላ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ሄደች። ጋሼ ደምሰው መጥረጊያ እየደረደሩ ነበር።

«ጋሼ ደምሰው፣ የስልክ ቦታ የሌለው ፎርም ይስጡኝ። እትዬ ዘርፌ ቁጥሬን አልተውም አሉ፤ ቁጥሬም በር ላይ ሊወጣ ነው።»

«እኔ የመጣልኝን ነው የማድለው» አሉ ጋሼ ደምሰው። «ያልመጣውን ከየት ልውለድልሽ? ጽዮን ትለውጠው፣ ያኔ እሰጥሻለሁ።»

ጽዮን የመኖሪያ አገልግሎቱ ጸሐፊ ናት። ቆሎዋን ትቆረጥማለች።

«ጽዮንዬ፣ ፎርሙን ለውጪልኝ። ጋሼ ደምሰው ሌላ ፎርም አልሰጥም አሉ፤ እትዬ ዘርፌ ቁጥሬን አልተውም አሉ፤ ቁጥሬም በር ላይ ሊወጣ ነው።»

«የኔ ቆንጆ፣ መለወጡስ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም» አለች ጽዮን፣ ከቆሎው ዘገን አድርጋ እየሰጠቻት። «ግን ፎርሙ ያለበት ኮምፒውተር ተቆልፏል። የይለፍ ቃሉን የበፊቷ ጸሐፊ ይዛው ሄደች። ኪሮስ ይክፈትልኝና እለውጠዋለሁ።»

ቆሎዋን ይዛ ወደ ኮምፒውተር ጠጋኙ ወደ ኪሮስ ሄደች።

«ወንድሜ ኪሮስ፣ ኮምፒውተሩን ክፈትልኝ። ጽዮን ፎርሙን አልለውጥም አለች፤ ጋሼ ደምሰው ሌላ ፎርም አልሰጥም አሉ፤ እትዬ ዘርፌ ቁጥሬን አልተውም አሉ፤ ቁጥሬም በር ላይ ሊወጣ ነው።»

ኪሮስ ኮስተር አለ። «ያለ ኃላፊው ትዕዛዝ የሰው ይለፍ ቃል አልነካም። ሚስጥር ሚስጥር ነው!»

ምንትዋብ ልትስቅም ልታለቅስም ቃጣት። «ኮምፒውተሩስ ጠባቂ አግኝቷል» አለች በሆዷ።

ኃላፊው አቶ ይርጋ ቢሯቸው ውስጥ ነበሩ። ሰዓቱ ዘጠኝ አልፏል።

«ጋሼ ይርጋ፣ ኪሮስን ይዘዙልኝ። ኪሮስ ኮምፒውተሩን አልከፍትም አለ፤ ጽዮን ፎርሙን አልለውጥም አለች፤ ጋሼ ደምሰው ሌላ ፎርም አልሰጥም አሉ፤ እትዬ ዘርፌ ቁጥሬን አልተውም አሉ፤ ቁጥሬም በር ላይ ሊወጣ ነው። ከወጣ ደግሞ አባቴ ከትምህርቴ ያስቀሩኛል።»

አቶ ይርጋ ሳቅ አሉ። «ለቁጥር ነው ይሄ ሁሉ? ቁጥር እኮ ነው ልጄ! ንጹሕ ሰው ምን የሚደብቀው ነገር አለ? ይልቅ ትምህርትሽን አጥኚ። አላዝም።»

ይኸውላችሁ! አቶ ይርጋ አላዝም፣ ኪሮስ አልከፍትም፣ ጽዮን አልለውጥም፣ ጋሼ ደምሰው አልሰጥም፣ እትዬ ዘርፌ አልተውም፤ ቁጥሩም በር ላይ ሊወጣ ነው። ምንትዋብ ተናደደች። ግን አልጮኸችም። ቦርሳዋን ከፍታ ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣች።

«እሺ ጋሼ። እንግዲያው የእርስዎን ቁጥር ይንገሩኝ። ከሁላችንም በላይ እጽፈዋለሁ። ኃላፊው እርስዎ ነዎት፤ ለአደጋ ጊዜ ከኔ ይልቅ እርስዎ ይጠቅማሉ።»

«የኔን? በር ላይ?»

«አዎ። ዜሮ ዘጠኝ...» ብላ ሁለቱን አሃዞች ጻፈችና ቀና ብላ ጠበቀች።

«ኧረ ተይ! አላፊ አግዳሚው ሁሉ ሊደውልልኝ? ቤተሰብ አለኝ እኮ!»

«ቁጥር እኮ ነው» አለች ምንትዋብ፣ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ።

አቶ ይርጋ ወረቀቱ ላይ ያሉትን ሁለት አሃዞች ትንሽ አዩአቸው። ከዚያ የጠረጴዛቸውን ስልክ አነሱ።

አቶ ይርጋ ኪሮስን አዘዙ። ኪሮስ ኮምፒውተሩን ከፈተ። ጽዮን ፎርሙን ለወጠች፤ እውነትም ሁለት ደቂቃ አልፈጀባትም። ጋሼ ደምሰው አዲሱን ፎርም ሰጡ። እትዬ ዘርፌ ስምና የዶርም ቁጥር ብቻ ሞሉ፤ ልክ በአስር ሰዓት በሩ ላይ ለጠፉት። የምንትዋብ ቁጥር አልወጣም። የማንም ቁጥር አልወጣም።

ምንትዋብ «ተመስገን» ብላ ወደ ዶርሟ ልትሄድ ስትል፣ እትዬ ዘርፌን ከበሩ የነቀሉትን አሮጌውን ዝርዝር በእጃቸው ይዘው ቆመው አየቻቸው። አልቀደዱትም፣ አልጣሉትም። ከላይ የተጻፈውን የመጀመሪያውን መስመር ያያሉ። «ፕሮክተር» ይላል፣ አጠገቡም ስልክ ቁጥር አለ።

«ይሄ የኔ ነው» አሉ። «አስራ አንድ ዓመት እዚህ በር ላይ ኖሯል። የሚሰድበኝ ይደውላል፣ የሚቀልድብኝ ይደውላል። የሥራው አካል ነው ብዬ ቻልኩት። ለካ አይለጠፍ ማለት ይቻል ኖሯል።»

ምንትዋብ ቀኑን ሙሉ በእሳቸው ስትበሳጭ መዋሏ አሳፈራት።

እትዬ ዘርፌ ወረቀቱን አራት ቦታ ቀደዱትና ዞር ብለው ጠየቋት። «ልጄ፣ አዲስ ሲም ካርድ ለማውጣት ምን ይዞ ነው የሚኬደው?»

«መታወቂያዎን ብቻ» አለች ምንትዋብ። «ነገ አብረን እንሄዳለን።»

ሰንሰለቱ ተፈታ፣ ወሬዬም አለቀ። ማን ነገረህ የምትሉ ካላችሁ መጥታችሁ ጠይቁኝ፤ ስልኬን ግን አልሰጥም።