ተቀማጭ ጨምሩ

በአንድ ባንክ ቤት ደንበኛ ለማፈላለግ የተቀጠረች ተረበኛ ሴት ነበረች። ጠረጴዛና ወንበር ቢሰጧትም፣ "እኔ ሰው ካላየሁ ያመኛል" እያለች ቀኑን ሙሉ ቅቤ ተራና መናኸሪያ ስትዞር ትውላለች። ነጋዴዎቹን ታስቃለች፣ የሾፌሮቹን ልጆች በስም እየጠራች ደህንነታቸውን ትጠይቃለች፤ ስትመለስ ግን አዲስ ደንበኛ ሳታስከትል አትገባም።

አዲሱ ሥራ አስኪያጅ አቶ ልዑልሰገድ ደግሞ ወንበራቸውን ከአዲስ አበባ በመኪና አስጭነው የመጡ ሰው ናቸው። ለእሳቸው ሥራ ማለት ከጠረጴዛ ኋላ መገኘት ነው።

አንድ ጠዋት ከቢሯቸው ተቆጥተው ወጡና ሠራተኛውን ሁሉ ሰበሰቡ።

"ከዋናው መሥሪያ ቤት ተደውሏል! ተቀማጭ አንሷችኋል፣ ተቀማጭ ጨምሩ ተብለናል! ዛሬውኑ መልስ ይፈልጋሉ!"

ይህን እየተናገሩ ሳለ ሴትዮዋ ጫማዋ አቧራ እንደለበሰ፣ ሁለት ቅቤ ነጋዴዎች አስከትላ ገባች። አቶ ልዑልሰገድ ባሰባቸው።

"አንቺ ገበያተኛ ነሽ ወይስ የባንክ ሠራተኛ? ባንክ ተቀምጦ የሚሠራበት ቤት ነው! አሁኑኑ ወይ ትቀመጫለሽ፣ ወይ ትሰናበቻለሽ!"

ነጋዴዎቹ ደንግጠው ወደ በሩ አፈገፈጉ። እሷ ግን ወንበሯን ሳብ አድርጋ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ተደላድላ ተቀመጠች።

"እሺ ጌታዬ፣ ይኸው ተቀመጥኩ። አሁን ለዋናው መሥሪያ ቤት ይደውሉና፣ ተቀማጫችን በአንድ ጨምሯል ይበሏቸው።"