የቀኛዝማች ሽጉጥ እና ጨዋው ደመኛ

ቀኛዝማች አንለይ ደመኛ ነበራቸውና፣ ራሴን እጠብቅበታለሁ ብለው ሽጉጥ ሊገዙ ወጡ። ከብብት የምትገባዋን ትንሿን ናቋት፤ ለማዕረጌ ይመጥናል ያሉትን ትልቁን አነሱ። እጀታውን በዝሆን ጥርስ፣ አፈሙዙን በብር አስለበጡትና ሽጉጥ መሆኑ ቀርቶ ሙሽራ መሰለ። ታዲያ ሽጉጡ ከበዳቸው፤ ደግሞስ ትልቅ ሰው መሣሪያውን ራሱ ይሸከማል እንዴ? አቧራ እንዳይነካው በሐር ተጠቅልሎ፣ ሦስት ማሰሪያ ካለው ከረጢት ገብቶ፣ አሽከር አንግቶት ከኋላ ከኋላ ይከተላቸው ጀመር።

ከረጢቱን የሰፋው ልብስ ሰፊ በሽጉጡ ይስቃል ሲባል ሰሙና ግብር ላይ በሰው ፊት አስጠሩት።

«በል፣ ሽጉጤ ምን ይጎድለዋል?» አሉት። «ብትነቅፈው ትገረፋለህ። ምንም አይጎድለውም ብለህ ብትሸነግለኝም ትገረፋለህ።»

ልብስ ሰፊው በገዛ እጁ የሰፋቸውን ማሰሪያዎች አየት አደረገና እጅ ነሳ።

«ጌታዬ፣ ሽጉጥዎስ እንከን አይወጣለትም» አለ። «አሽከርዎ ከኋላ እስኪደርስ፣ ማሰሪያው እስኪፈታ፣ ሐሩም እስኪገለጥ ድረስ ቆሞ የሚጠብቅዎ ጨዋ ደመኛ ብቻ ነው የጎደለው።»