የትርንጎ ደጅና ሸለምጥማጡ

ልጆቼ፣ ጠጋ በሉ። ትላልቆቹም አትራቁ፤ ይህቺ ተረት ከልጅ ይልቅ ለእናንተ ትሆን ይሆናል። ድሮ፣ አራዊት ከሰው ጋር ቃል በሚለዋወጡበት ዘመን፣ ስሙን ማንም በማያስታውሰው አገር ትርንጎ የምትባል ሴት ነበረች።

የትርንጎ ቤት ሙሉ ነበር። ባሏ ይርዳው አለ፤ የባሏ እናት እማማ ስንዱ አሉ፤ ትልቋ ልጇ ውዴ አለች፤ ከውዴ በታች ደግሞ እንደ ጫጩት የሚንጫጫ የልጅ መዓት አለ። እግዚአብሔር የሰጠው ነው፣ ይመስገን። ግን የሞላ ቤት ጣጣውም ሙሉ ነው። አንዱን ልጅ ሲያጥቡት ሌላው ጭቃ ውስጥ ይገባል። ቅሉ ሲገኝ ክዳኑ ይጠፋል፤ ክዳኑ ሲገኝ ቅሉን ጥጃ ይረግጠዋል።

ትርንጎ ሰነፍ አልነበረችም። ከወፍ ቀድማ ትነሣለች፣ ከሁሉ ኋላ ትተኛለች። አንዲት ነገር ብቻ ነበረችባት። ሥራው ሲደራረብባት ቤቱ መሐል ቆማ፣ ማንንም ሳታይ፣ «አንዳችሁ!» ብላ ትጮኻለች።

«አንዳችሁ ውሃ ቅዱ! አንዳችሁ ጥጃውን እሰሩ!»

ቀኑ ሲመሽ ደግሞ፣ «አንዳችሁ የዶሮ ቤቱን ዝጉት!»

ሁሉም «እሺ» ይላል። እሷም ሁሉም እሺ ካለ ማን ይቀራል ብላ ወደ ሌላው ሥራዋ ትሮጣለች።

በዚያ ዓመት የማርያም ማኅበር ተራው ለትርንጎ ደረሰ። ጽዋውን በእልልታ ተቀብላ ወደ ቤቷ አምጥታለች። ጽዋ የተቀበለች ሴት ማኅበርተኛውን ማብላት አለባት፤ ከሰው በፊት ለእመቤታችን የገባችው ቃል ነው። ትርንጎም ለዚያ ቀን ብላ ዶሮዎች አርብታ ነበር፤ ቀይ፣ ነጭ፣ ገብስማ፣ ግቢውን የሞሉት። የቤቷ ክብር ያን ጊዜ በእነዚያ ዶሮዎች ላይ ነበር።

ከግቢው አጥር ጀርባ፣ ቁልቋሉ ሥር ደግሞ አንድ ሸለምጥማጥ ይኖር ነበር። ሸለምጥማጥ ማለት ድመት መሳይ ነው፤ ሰውነቱ ቀጭን፣ ጅራቱ ረጅም፣ ነፍሱ ዶሮ ወዳድ። ይህኛው ጉድጓድ አይቆፍርም፣ አጥር አይቀድም። ሥራው ጆሮውን አቁሞ መጠበቅ ብቻ ነው። የትርንጎ ድምፅ ሲመጣ እንዲህ ብሎ ያዜማል፤

«አንዳችሁ ዝጉት ካለች፣
ለእኔ ክፈቱት አለች!
ቤተሰቡ ይብዛልኝ፣
ዘጊው ብቻ ይጥፋልኝ!»

ከዚያ እንደ ጌታ በደጅ ይገባል።

አንድ ቀን ጠዋት ነጯ ዶሮ የለችም። የዶሮ ቤቱ ደጅ ክፍት ነው፤ መሬቱ ላይ ላባ ተበትኗል።

«ማን ነው ያልዘጋው?» አለች ትርንጎ።

«እኔ እማማ የዘጉት መስሎኝ» አለች ውዴ።

«እኔስ ይርዳው የዘጋው መስሎኝ» አሉ እማማ ስንዱ።

«እኔ ደግሞ ውዴ የዘጋችው መስሎኝ» አለ ይርዳው።

ትንንሾቹም ተራቸውን ጠብቀው፣ «እኛ እናንተ የዘጋችሁት መስሎን» አሉ። መስሎኝ ቤቱን ዞሮ ዞሮ መጣና ትርንጎ ራሷ ላይ አረፈ። እሷም፣ «እኔማ አንዳችሁ የዘጋችሁት መስሎኝ» አለች።

ያን ቀን ሲመሽ ግን ከወትሮው አብልጣ ጮኸች። «ዛሬስ አደራ! አንዳችሁ ዝጉት!»

ቁልቋሉ ሥር፣ «አንዳችሁ ዝጉት ካለች፣ ለእኔ ክፈቱት አለች!» ተባለ። ሲነጋ ገብስማዋ የለችም።

እንዲህ እንዲህ እያለ ዶሮው ሁሉ ወደ ግማሽ ወረደ። ማኅበሩ ደግሞ ቀርቧል። ይርዳው ከበር ላይ ቆሞ፣ «አንቺ፣ ማኅበርተኛው ሲመጣ ላባ ልታበያቸው ነው?» አላት። እማማ ስንዱም ከመደቡ ላይ ሆነው፣ «በእኔ ጊዜ እንኳን ዶሮ እንቁላልም አይጠፋ ነበር» አሉ። ትርንጎ ጓሮ ወጥታ ግድግዳው ላይ ተደግፋ፣ «እመቤቴ፣ ጽዋሽን ተቀብዬ አታሳፍሪኝ፤ ቤቱ ሰው ሞልቶት እኔ ሰው አጣሁ» ብላ አለቀሰች። በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠርጋ ተመለሰች፤ ወጡ ሊያር ነበርና።

ያን ምሽት ማዕድ ቀረበ። ይርዳው አንድ ጊዜ ጎረሰና ዓይኑ ፈጠጠ። ውዴ ጎረሰችና ሳለች። ትንሹ ልጅ ጉርሻውን እጁ ላይ መልሶ ተፋና እንደ ጉድ አየው።

«ይህ ምስር ወጥ ነው ወይስ አሞሌ?» አለ ይርዳው።

«እኔ እንኳን ትንሽ ብቻ ነው ጣል ያደረግሁበት፤ ትርንጎ የረሳችው መስሎኝ» አሉ እማማ ስንዱ።

«እኔም ጨምሬበታለሁ፤ እማማ የረሱት መስሎኝ» አለች ውዴ።

ትርንጎ ጭልፋዋን ይዛ ቀረች። ቀድማ ጨው ያደረገችበት እሷ ነበረች። ልትቆጣ አፏን ስትከፍት ሳቅ አመለጣት። ልጆቹ ውሃ፣ ውሃ እያሉ ሲንጫጩ እንስራውን ልታመጣ ወደ ደጅ ወጣች። እንስራው አጥሩ አጠገብ ነበር። ጎንበስ ስትል ከቁልቋሉ ሥር ቀጭን ዜማ ሰማች፤

«ቤተሰቡ ይብዛልኝ፣
ዘጊው ብቻ ይጥፋልኝ!»

ትርንጎ ዞር ብላ የዶሮ ቤቱን አየች። ደጁ ወለል ብሎ ተከፍቷል። «ወይ ጉድ!» አለች በልቧ፤ «ጨው መጣል ደስ ይላል፣ ሁሉም ይሯሯጥለታል። ደጅ መዝጋት ማንም አያመሰግንበትም። ለወጡ ሦስት ባለቤት፣ ለደጁ አንድ እንኳን የለው!» ድምፅ ሳታሰማ ደጁን ራሷ ዘጋችና እንስራዋን አዝላ ገባች።

በማግስቱ ቤተሰቡን ሁሉ ሰበሰበች።

«ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቤት 'አንዳችሁ' የሚባል ሰው የለም፤ ሞቷል፣ ነፍስ ይማር» አለች። «ሥራ ሁሉ በስም ይጠራል። እማማ፣ ጨው የእርስዎ ነው። ሌላ ሰው ጨው እንዳይነካ።»

እማማ ስንዱ ደስ ብሏቸው ነጠላቸውን አስተካከሉ። «አየሽ ልጄ፣ ጨውማ የአዋቂ እጅ ይፈልጋል።»

«ለማኅበሩ ጠላ የሚሆነውን ጋን ማጠንም የእርስዎ ነው። ውዴ፣ ጋኑን አጥበሽ ሲመሽ አፉን ወደ መሬት የምትደፊው አንቺ ነሽ። ጥጃውና ቅሎቹ የትንንሾቹ ናቸው። ይርዳው፣ የዶሮ ቤቱ ደጅ ያንተ ነው።»

ይርዳው ተነሣ። «እኔ የቤቱ ራስ ሆኜ የዶሮ ደጅ ዘጊ ታደርጊኛለሽ?»

«የቤቱ ራስ ስለሆንክ ነዋ! ጅራት ሲዘጋውማ አየነው።»

ልጆቹ ሳቁ፤ እሱም ሊቆጣ ፈልጎ ሳቁ ቀደመው።

«ደግሞ አንድ ነገር» አለች ትርንጎ። «ማታ ማዕድ ሳይባረክ እያንዳንዳችሁን በስም እጠራለሁ። ሥራዬን ሠርቻለሁ ያላለ ሰው ካለ አሜን የለም። ለጸሎት በቆምንበት ቦታ እንግዲህ ማንም አይዋሽም።»

ቀኑ መሸ። ይርዳው እያጉረመረመ ሄዶ ደጁን ዘጋ፤ ንዴቱንም ለመወጣት ትልቅ ድንጋይ አስደገፈበት። ሸለምጥማጡ ቁልቋሉ ሥር ጆሮውን ቢያቆም፣ ቢያቆም፣ «አንዳችሁ!» የሚል ድምፅ የለም። «ምነው፣ ትርንጎ አሟታል እንዴ?» ብሎ መጣ። ደጁን በአፍንጫው ገፋ፤ እንቢ አለ። በጥፍሩ ቧጠጠ፤ እንቢ አለ።

«ግዴለም» አለ፤ «ሰው የበዛበት ቤት አንድ ነገር መርሳቱ አይቀርም። እጠብቃለሁ።» ዙሪያውን ሲያይ ግድግዳው ሥር በግራዋ ቅጠል የታጠበው ጋን በጎኑ ተጋድሞ አገኘ። ገብቶ ተጠቀለለ። ውስጡ ደረቅ፣ ጨለማ፣ የሚመች ነው። «ቤተሰቡ ይብዛልኝ!» አለና ዓይኑን ጨፈነ።

ቤት ውስጥ ሁሉም ቆመዋል፤ ማዕዱ ቀርቧል።

«ጥጃው?» አለች ትርንጎ።

«አስረናል!»

«ጨው?»

«እኔ፣ እኔ ብቻ!» አሉ እማማ ስንዱ።

«ደጁ?»

«ተዘግቷል። ድንጋይም አለበት» አለ ይርዳው ኮስተር ብሎ።

«ጋኑ?»

ውዴ አፏን ያዘች። «ውይ፣ እምዬ! ረስቼዋለሁ!»

«ነገ ይደፋል እባክሽ፤ ልጆቹ ርቧቸዋል» አለ ይርዳው።

«ጋኑ ሳይደፋ አሜን የለም!»

ውዴ እየሮጠች ወጣች። ጋኑን አቅፋ በአፉ ዷ አድርጋ ደፋችውና ተመለሰች። «ዛሬ ጋኑ ምን ሆኖ ነው የከበደው?»

«ርቦሽ ነው» አሏት። ይርዳው በስመ አብ ብሎ ባረከ፣ ሁሉም አሜን አሉ፣ ወጡም ጨዉ ልክ ነበር።

ሲነጋ እማማ ስንዱ ጋኑን ሊያጥኑ የወይራ ፍም በገል ይዘው መጡ። ጋን በወይራ ጭስ ካልታጠነ ጠላው ጠላ አይሆንም። ጋኑን በጣት ያህል ከፍ አድርገው ፍሙን ከነጭሱ ወደ ውስጥ ገፋ አደረጉት።

«እህ! እህ! እህ!» አለ ጋኑ።

እማማ ስንዱ አማተቡ። «በስመ አብ! ጋኑን ጉንፋን ያዘው እንዴ? ማነህ ውስጥ ያለኸው?»

«ጠላው ነኝ፣ እማማ!» አለ ቀጭን ድምፅ። «እየፈላሁ ነው፤ ከነኩኝ እቆመጥጣለሁ፤ ዞር ይበሉልኝ!»

«ጌሾው አልተወቀጠ፣ ብቅሉ አልተፈጨ፣ አንተ ከየት ፈላህ?» ብለው እሪ አሉ። ቤተሰቡ ሁሉ ሮጦ መጣ። ይርዳው ዱላውን፣ ልጆቹ ጩኸታቸውን ይዘው ጋኑን ከበቡት።

«በል እስቲ» አለች ትርንጎ ድምፁን ለይታ፤ «ያቺን ዜማህን አሰማን።»

ሸለምጥማጡ እየሳለ፣ «አንዳችሁ ዝጉት ካለች… እህ! … ለእኔ ክፈቱት አለች…» አለ።

ይርዳው መሬት መሬት አየ። ትርንጎም፣ «ስሙት፤ ሌባው እሱ ቢሆንም ጠሪው እኔ ነበርኩ» አለች።

«ኧረ በእመቤቴ!» አለ ከውስጥ፤ «ታጠንኩ፣ ነደድኩ! አንዳችሁ ልቀቁኝ!»

እማማ ስንዱ ውዴን አዩ፣ ውዴ አባቷን አየች።

«እኔ ይርዳው የሚለቅህ መስሎኝ» አሉ እማማ ስንዱ።

«እኔ ውዴ የምትለቅህ መስሎኝ» አለ ይርዳው።

«እኔ እማማ የሚለቁህ መስሎኝ» አለች ውዴ።

ትንንሾቹም መሬት ላይ እየተንከባለሉ፣ «እኛ እናንተ የምትለቁት መስሎን!» አሉ።

መስሎኝ ቤቱን እስኪዞር ድረስ ጭሱ አጠለሸው፤ ፍንጣሪውም እዚህም እዚያም ቆዳውን ጠበሰው። በመጨረሻ ትርንጎ አዘነች። «በማርያም ስም ለምኗል፤ ጽዋዋም ቤታችን ነው። ይርዳው፣ አንተ ልቀቀው።»

ይርዳው በስሙ ተጠርቷልና ወዲያው ጋኑን አነሣ። ሸለምጥማጡ ተስፈንጥሮ ቁልቋሉን ዘለለና በዚያው አገሩን ለቀቀ። በሸለምጥማጥ ቆዳ ላይ ያለው ነጠብጣብ የዚያ ቀን ፍንጣሪ ነው ይላሉ፤ ያ የወይራ ጭስ ሽታም ስላልለቀቀው፣ ዶሮዎች ሳያዩት ገና ከሩቅ ይንጫጫሉ።

የማኅበሩ ቀን ደረሰ። የተረፉት ዶሮዎች በቁ፤ እማማ ስንዱ በስንት ኩራት ጨው አደረጉበት፤ ጠላውም ከዚያ ከታጠነው ጋን ተቀዳ። ማኅበርተኛው በልቶ፣ ጠጥቶ፣ መርቆ፣ ጽዋው በእልልታ ወደ ቀጣዩ ቤት ወጣ። ትርንጎ ከስንት ጊዜ በኋላ መደቡ ላይ ዘፍ ብላ ተቀምጣ እግሯን ዘረጋች። ጀርባዋ ላይ ዓመት ሙሉ የተጫነ ነገር የወረደ መሰላት። ፀሐይ ጠልቃለች፤ ልጆቹ ይንጫጫሉ፤ እሷ ግን አልጮኸችም። ከደጅ ድንጋይ ሲገፋ ተሰማት፤ ይርዳው ነው። «እመቤቴ፣ ተመስገኚ» አለችና ዓይኗን ጨፈነች።

እኔም ተረቴን በዚህ ዘጋሁ፤ እናንተም ደጃችሁን ዝጉ። ለዚህ ነው አበው እንዲህ የሚሉት፤

«አንዳችሁ» ያሉት ደጅ ክፍቱን ያድራል፣ በስም የጠሩት ግን ይዘጋል።