ከወንዝ ዳር የመጡት ለቀስተኞች

ይርዳው የሚባል ሰው የኔታ ልሳነወርቅ ዘንድ መጣ። የቀድሞ ወታደር የነበረው አባቱ ከሞተ ዓመት ሊሞላው ነው። ለሙት ዓመቱ ዘመድ ሁሉ ተጠርቷል፤ ስለ ሟቹ ቆሞ የሚናገረው ደግሞ የበኩር ልጁ እሱ ነው።

«የኔታ፣» አለ፣ «አባቴ ስለ ጦርነቱ ብዙም አላጫወተኝም። ጥቂት ነገር ከራሴ ብጨምርለት ምን አለበት? እሱ እንደሆነ ሞቷል፤ ማንን ይጎዳል?»

የኔታ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉና እንዲህ ሲሉ ነገሩት።

አንድ ወታደር ነበረ። አርጅቶ ሞተ።

በወጣትነቱ ዝመት ሲሉት ዘመተ፣ ተመለስ ሲሉት ተመለሰ። አንድ እግሩን እያነከሰ መጥቶ ሚስት አገባ፣ አረሰ፣ ልጆች ወለደ። ደግ ባል ነበር፤ ይህን የምልህ ስለ ሞተ አይደለም። ሚስቱ በወለደች ቁጥር ሕፃኑን ገላውን የሚያጥበው እሱ ነበር። በዚያ አገር ወንድ ሕፃን ሲያጥብ ከማየት የበለጠ የሚያስቅ ነገር የለም። ሳቁበት፤ እሱም አብሯቸው ሳቀ። ወደ ቤቱ ሲመጣ ልጆቹ እንዳይደነግጡ ከሩቅ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ውኃ ሲሰጡት ደግሞ መጀመሪያ ጥቂት መሬት ላይ ጠብ ያደርግና ከዚያ በኋላ ቀስ ብሎ ይጠጣል። የበኩር ልጁ ይህን እያየ ነው ያደገው፤ ነገር ግን ዋንጫውን የሚያለቀልቅ ይመስለው ነበር።

ሠርግ ላይ የዘመቱት እየተነሡ ሲፎክሩ፣ እንዲህ ጣልሁ፣ እንዲህ ማረክሁ ሲሉ፣ ይህ ሰው አጠገቡ ካለች ሴት ሕፃን ተቀብሎ ጉልበቱ ላይ ያስቀምጣል። ስለዚህ መንደርተኛው «ስንቅ ጠባቂ ነበር» እያለ ያማዋል። ሽማግሌው ሐሜቱን ሰምቶ እንዳልሰማ ያልፈዋል። ልጁ ግን በሰማ ቁጥር ደሙ ይፈላል። የራሱን ልጆች ካሳደገ በኋላ እንኳ ያ ነገር ከሆዱ አልወጣለትም።

እንግዲህ ሽማግሌው ሞተና አርባው ደረሰ። ዳስ ተጣለ። በአገሩ ልማድ የሟቹ ካፖርት በረጅም እንጨት ላይ ተሰቀለ፤ ጠመንጃውም አብሮ ቆመ። አልቃሽም ተጠራች። ጥሩ አልቃሽ ደግሞ፣ አንተም ታውቃለህ፣ ወሬ ከራሷ አትፈጥርም። ዳስ ከመግባቷ በፊት የቤቱን ሰው ትጠይቃለች፤ የሰጧትን ተቀብላ ነው ግጥም የምታደርገው።

«ምን ልበልለት ልጄ?» አለችው። «ስንት ጣለ?»

ልጁ ወደ ጓዳው ተመለከተ። እናቱ ከሴቶቹ ጋር ናት፤ አትሰማውም።

«ስድስት፣» አላት። «ከወንዝ ዳር።»

«ከየትኛው ወንዝ?»

«ኧረ እትዬ፣ ጦር ሜዳ ወንዝ ይጠፋል እንዴ!»

ወንዙን ከየት እንዳመጣው እሱም አያውቀውም። ምናልባት አባቱ ተኝቶ ሲቃዥ ሰምቶት ይሆናል።

አልቃሿ ዳሱ መካከል ቆመች፤ ካፖርቱን በእጇ እያመለከተች እንዲህ አለች፦

ስድስት ናቸው አሉ ከወንዝ ዳር የቀሩ፣
ማን እንደ ጣላቸው መጥተው ይናገሩ።

ሕዝቡ ደረቱን መታ። ስንቅ ጠባቂ ይሉት የነበሩት ሳይቀሩ እንባቸውን አፈሰሱ። ልጁም በልቡ፣ አባቴ ዛሬ ሰው ሆነ አለ፤ እንዴት ደስ እንዳለው ልነግርህ አልችልም።

ቀትር ነበር። ቅጠል የሚያነቃንቅ ነፋስ እንኳ የለም። የተሰቀለው ካፖርት ግን ቀስ ብሎ በእንጨቱ ላይ ዞረና ለሕዝቡ ጀርባውን ሰጠ። አንድ ዘመድ ተነሥቶ አስተካከለው። ተመልሶ ሳይቀመጥ እንደገና ዞረ።

ወዲያው የመንደሩ ውሾች ጸጥ አሉ። ከቆላው በኩል ስድስት ወንዶች ተሰልፈው መጡ። ዝናብ ከራቀ ወራት አልፎታል፤ የእነሱ ልብስ ግን እስከ ጉልበታቸው ድረስ ርሷል። እንደ ለቀስተኛ ወግ «እግዜር ያጥናችሁ» ሳይሉ ዝም ብለው ገቡና በአንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። የሚያውቃቸው አልተገኘም። የባል ወገን «የሚስት ዘመዶች ይሆናሉ» አለ፤ የሚስት ወገን ደግሞ «የባል ዘመዶች ይሆናሉ» አለ። ምግብ ቀረበላቸው፤ እጃቸውን አልዘረጉም። የሚያዩት ልጁን ብቻ ነው።

ልጁ ባለቤት ነውና ጠጋ ብሎ «ብሉ እንጂ፣ ወንድሞቼ። ከወዴት ናችሁ?» አላቸው።

አንደኛው ቀና አለ። «ተጠርተን ነው። ማን እንደ ጣላችሁ መጥታችሁ ተናገሩ ተባልን። እኛ ማን እንደ ጣለን አናውቅም። የምታውቀው አንተ ነህ አሉን፤ ንገረን።»

ልጁ ጭንቅ ውስጥ ሆኖ የአባቱን ፊት ሊያስታውስ ሞከረ፤ እንደ ልጅነቱ «አባዬ ድረስልኝ» ለማለት ፈልጎ ነው። ፊቱ አልመጣለትም። ካፖርቱ መጣ፣ ጠመንጃው መጣ፣ ግጥሙ መጣ፤ በካፖርቱ አንገት ላይ ግን ምንም የለም። ይህ ከስድስቱ እንግዶች የበለጠ አስፈራው። አባቱን ከአርባ ቀን በፊት ቀብሮታል፤ አሁን ደግሞ ጨርሶ ሊያጣው ነው። እየተደናቀፈ ወደ ጓዳ ገባ።

«እማዬ፣ የአባቴ ፊት ጠፋብኝ!»

እናቱ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ እንግዶቹን አየች። አልጮኸችም።

«ለአልቃሿ ምን ብለህ ሰጠሃት?»

«ስድስት ጣለ ብዬ። ከወንዝ ዳር።»

«ወንዝ አልህ?» ብላ መጋረጃውን መለሰችው። «እንግዲህ የጠራሃቸው አንተ ነህ፤ አንተው ሸኛቸው። ሰው ፊት የጠራኸውን ጓዳ ተደብቀህ አትሸኘውም።»

ልጁ ወደ ዳሱ ወጣ። «ወገኖቼ፣» አለ፣ «ዋሽቻችኋለሁ። አባቴ ስድስት ሰው አልጣለም። ከራሴ ፈጥሬ ነው።»

ከኋላ አንዱ «ስንቅ ጠባቂ ነበር ብለናችሁ አልነበረም!» ሲል ጥቂት ሰዎች ሳቁ። ያን ሳቅ ልጁ ዕድሜውን ሙሉ ሲሸሸው ነው የኖረው። አሁን ግን እዚያው መካከል ቆሞ ቻለው። ከዚያ ወደ እንግዶቹ ሄዶ ከመጀመሪያው ፊት ጎንበስ አለ።

«አንተን የጣለህ አባቴ አይደለም። ማን እንደሆነም አላውቅም። ይቅር በለኝ፣ በከንቱ አስነሣሁህ።»

ሰውየው ተነሣና በመጣበት መንገድ ሄደ። ሁለተኛውም እንደዚያው ሰምቶ ሄደ፤ ከእሱ ቀጥሎ የነበሩትም አንድ በአንድ ሄዱ። አሁን የሚስቅ አልነበረም። መጨረሻ ላይ ጢም ያላወጣ ለጋ ወጣት ብቻውን ቀረ።

«አንተንም የጣለህ አባቴ አይደለም፣» አለው ልጁ።

ወጣቱ አልተነሣም።

ደገመለት። ወጣቱ የደረቀ ከንፈሩን በምላሱ ዳሰሰ እንጂ ከተቀመጠበት ንቅንቅ አላለም። ልጁ ግራ ቢገባው ዞሮ እናቱን ፈለገ። እናቱ ከጓዳው በር ላይ ቆማ ነበር።

«እሱን ተወው፣» አለች። «እሱ የአባትህ ነው።»

በሕዝቡ መካከል አልፋ ወደ ወጣቱ ቀረበች።

«ውኃ ሊጠጣ ወንዙ ላይ ሲያጎነብስ ነው አባትህ የመታው። ይህ ወጣት ሳይጠጣ ቀረ። አባትህ ይህን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የነገረኝ፤ አንተን መጀመሪያ ያጠበህ ቀን፣ እጁ ውኃው ውስጥ እንዳለ። በል፣ ውኃ ስጠው።»

ልጁ በዋንጫ ውኃ ይዞ መጣ። ለምን እንደሆነ አሁን ያውቃልና፣ መጀመሪያ ጥቂት መሬት ላይ ጠብ አደረገ፤ የቀረውን ለወጣቱ ሰጠው። ወጣቱ ዋንጫውን በሁለት እጁ ይዞ እስኪጨርሰው ጠጣ። ዋንጫውን መለሰና ተነሣ። ስድስቱም ሲገቡ ያላሉትን እሱ ሲወጣ አለው።

«እግዜር ያጥናችሁ።»

እሱም በመጣበት መንገድ ወደ ቆላው ሄደ። ውሾቹ መጮኽ ጀመሩ። ካፖርቱም ማንም ሳይነካው ዞሮ ፊቱን ወደ ሕዝቡ መለሰ፤ ከዚያ በኋላ እንደ ማንኛውም ልብስ ተንጠልጥሎ ዋለ። ለልጁ የአባቱ ፊት መጣለት። ጠመንጃ አልያዘም፤ እጅጌውን እስከ ክርኑ ሰብስቦ፣ ሕፃን በመዳፉ ደግፎ፣ ከሚስቁበት ጋር እየሳቀ ነበር። ልጁም ያን ጊዜ አባቱ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አምርሮ አለቀሰ።

የኔታ እዚህ ላይ አበቁና ወደ ይርዳው ዞሩ።

«ማንን ይጎዳል አልኸኝ። ያ ልጅ አባቱን ለማክበር ብሎ ያላፈሰሰውን ደም አሸከመው፤ ያፈሰሰውንና ዕድሜውን ሙሉ ያዘነበትን አንዱን ደግሞ በአምስት ውሸት መካከል ደበቀበት። አንተም ነገ ዳስ ውስጥ ቆመህ ከራስህ ስትጨምር እንዲሁ ነህ። ሰው ያጨበጭብልህ ይሆናል፤ አባትህ ግን ጀርባውን ይሰጥሃል። እስቲ ንገረኝ፣ አባትህ ምን የማይገባህ ነገር ያደርግ ነበር?»

ይርዳው ብዙ አሰበ። «ምግብ ሲቀርብ መጀመሪያ በሩን ያስከፍታል፣» አለ በመጨረሻ። «ቢበርድም፣ ቢዘንብም። በሩ ካልተከፈተ አይጎርስም ነበር።»

«ለምን?»

«እንጃ፣ የኔታ። ጠይቄው አላውቅም።»

«እናትህ በሕይወት አሉ?»

«አሉ።»

«ታዲያ እኔ ዘንድ ተቀምጠህ ምን ትሠራለህ?» አሉት የኔታ። «ተነሥ፣ ሳይመሽ ሂድና ጠይቃቸው።»