የመሀል ግድግዳው ፎቶ

በክረምቱ ጎርፍ ላለቁት የከተማችን ሰዎች መታሰቢያ ሙዚየም ሊሠራ ነው ተባለና፣ ከንቲባ አስመላሽ ንድፉን ሊያሳዩ ሕዝቡን አዳራሽ ሰበሰቡ።

«ከበር እንደገባችሁ ፊት ለፊት የምታዩት ይሄን ሰፊ ግድግዳ ነው» አሉ ንድፉን በዘንግ እየጠቆሙ። «እዚህ ላይ የእኔ የአሠሪው ፎቶ ከወለል እስከ ጣሪያ ይሰቀላል። የሟቾቹ ደግሞ ከደረጃው ሥር ባለችው ክፍል ይደረደራል።»

የሟች ቤተሰቦች አንገታቸውን ደፉ። ሹማምንቱ ግን አዳራሹን በጭብጨባ አናጉት።

ይሄኔ የከንቲባው ዓይን ኮፍያውን አውልቆ፣ እጁን አጣምሮ በቆመ አንድ ሰው ላይ አረፈ። ሰው ሲሞት ማልዶ በየሰፈሩ እየዞረ የሚለፍፈው የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ነው።

«አንተ! ምን ያስተክዝሃል? ወይ አጨብጭብ፣ ወይ የንድፉን ጉድለት እዚሁ ሕዝብ ፊት ተናገር! አለዚያ ከነገ ጀምሮ በዚህ ከተማ ጥሩምባ አትነፋም!» ብለው ጮኹበት።

«ኧረ ጌታዬ፣ ንድፉስ ምንም አይወጣለትም» አለ ጥሩምባ ነፊው። «እኔ ግን ዕድሜ ልኬን ለቅሶ ቤት ስውል፣ መሀል ላይ በትልቁ ተሰቅሎ የማየው የሟች ፎቶ ነው። የእርስዎን ሳይ ክው አልኩ። ነፍስ ይማር! አሁን ቀብሩ በስንት ሰዓት እንደሆነ ይንገሩኝና፣ ጥሩምባዬን ሳይቀሙኝ ልለፍፍልዎት።»

ሙዚየሙ ሲመረቅ የሟቾቹ ፎቶ የመሀል ግድግዳውን ሞልቶት ነበር። የከንቲባው ግን ከደረጃው ሥርም አልተገኘም።