በጋውን ሙሉ የጮኸው ጎማ

አንድ ሾፌር ነበረ። እዚሁ ከተማችን ውስጥ የሚኖር፣ አሥራ አራት ሰው የምትጭን አሮጌ መኪና የነበረችው ሰው ነው። ከገበያው ተነስቶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ ቀዩን ዳገት ወጥቶ ደጋ ወዳሉት መንደሮች ሰው ያመላልስ ነበር።

«ጥያቄዬን ሸሸው» እንዳትዪ፣ አስካለ። «ጋሼ፣ ክፉውን ዘመን ያሻገረኝን ጠባይ አሁን ለምን እተወዋለሁ?» ነው ያልሽኝ። የምመልስልሽም እሱኑ ነው። እኔ ግን ዕድሜዬን የጨረስኩት ጎማ ስፈታና ስገጥም ነው፤ ከጎማ ሌላ የማውቀው ነገር የለም። ስለዚህ ታገሺኝ።

ያኔ አገሩ እንዲህ አልነበረም። ክረምት ሲገባ መንገዱ ሁሉ ጭቃ ነው። ሰኔ ላይ የከተማው ሾፌሮች እኔ ደጅ ይሰለፉና የጭቃ ጎማ ያስገጥማሉ። የጭቃ ጎማ ጥርሱ ትልልቅ ነው፤ ጭቃውን እየቧጠጠ ይወጣል። መስቀል ካለፈ በኋላ ደግሞ ተመልሰው ይመጡና እሱን አስፈትተው የበጋውን ያስገጥማሉ። የጭቃውን ጎማ አጥቤ፣ የባለቤቱን ስም በጠመኔ ጽፌ፣ ግድግዳው ላይ ከመታኋቸው ትልልቅ ሚስማሮች ላይ እሰቅለዋለሁ። እስከ ሰኔ ድረስ እዚያው ጥላ ውስጥ ያርፋል። ያ ቀን እንዴት ደስ ይል ነበር! ዳቦ እየቆረስን፣ የክረምቱን ጉድ እያወራን፣ አንዱ ባንዱ እየሳቀ ይመሽብናል። አሁን አብዛኞቹ የሉም። አንዳንዴ ብቻዬን ቁጭ ስል የእነዚያ ሰዎች ሁካታ ይናፍቀኛል።

እናም ይህ ሾፌር አንድ ነሐሴ ላይ ቀዩን ዳገት ሲወጣ መኪናዋ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። ከኋላው ገደል ነው። ሰዉ ጮኸ፣ እናቶች ልጆቻቸውን አቀፉ፣ እሱም ያለቀለት መሰለው። ገደሉ አፋፍ ላይ ሲደርሱ ግን ጎማው ጭቃውን ነከሰና ቆመ። አሥራ አራቱም ሰዎች በእግራቸው ወርደው መሬቱን ሳሙ። እሱ ጎማውን ሳመ።

መስቀል አልፎ ሁሉም ሲመጡ እሱም መጣ፤ ዳቦውንም በላ። ክሪኩን ይዤ ወደ መኪናዋ ስጠጋ ግን እጄን ያዘኝ። «ይኼን ጎማ አትነካውም፤ ነፍሴን ያተረፈ ጎማ ነው» አለኝ።

«ማትረፉንማ አተረፈህ፤ ክረምቱ ግን አለፈ እኮ» አልኩት።

«አንተ ገደሉን አላየኸውም» አለኝ። እውነቱን ነው፣ አላየሁትም። ስለዚህ ተውኩት። የእሱ ሚስማር ያን ዓመት ባዶውን ከረመ።

በዚያው ዓመት ከከተማው እስከ ዳገቱ ሥር ድረስ አስፋልት ገባ። የጭቃ ጎማ አስፋልት ላይ ሲሄድ ምን ያህል እንደሚጮኽ ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ወፍጮ ቤት የገባሽ ነው የሚመስልሽ። መኪናዋ ከሩቅ ስትመጣ በጩኸቷ ትታወቅ ነበር። ተሳፋሪው መጀመሪያ እየተጯጯኸ ያወራ ነበር፣ ኋላ ግን ሰለቸውና ዝም ብሎ መሄድ ለመደ። ሾፌሩ ነገሩን ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ጩኸቱን ሲሰማ እንዲያውም ልቡ ያርፍ ነበር።

በዚህች መኪና ጋቢና፣ ከሾፌሩ ጎን፣ በየገበያው ቀን የሚቀመጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ደጋ የተዳረች ልጃቸውን ለመጠየቅ ይመላለሳሉ። ያን መንገድ በዶማ ከቆረጡት ሰዎች አንዱ ናቸው። የመንገዱን እያንዳንዱን ዛፍ፣ እያንዳንዱን ድንጋይ ያውቁታል፤ ወሬያቸው ደግሞ አይጠገብም። ሾፌሩም ሲያዳምጣቸው ነው የኖረው። አባቱ እሱ ገና ጡት ሳይጥል ስለሞተበት፣ እኚህን ሽማግሌ እንደ አባት ነበር የሚያያቸው። አባቱም ከሽማግሌው ጋር እዚያው መንገድ ላይ የሠራ ሰው ነው። ስለ አባቱ በጠየቃቸው ቁጥር ግን «ይደርሳል፣ ልጄ» ይሉት ነበር።

ያን ዓመት ሽማግሌው ደከሙ። መድከማቸውን ሲያውቁ ጊዜ ያቆዩትን ወሬ አንድ በአንድ ማውጣት ጀመሩ። በኅዳርም፣ በጥርም፣ በየካቲትም ያወራሉ፤ ጎማው ይጮኻል። ሾፌሩ አፋቸው ሲንቀሳቀስ ያያል። «ምን አሉኝ?» ብሎ ማስደገሙ ያሳፍረውና አንገቱን ይነቀንቅላቸዋል፣ ሲስቁ አብሮ ይስቃል። አስፋልቱ አልቆ ዳገቱ ሥር ሲደርሱ እሳቸውም ድምፃቸው ያልቃል።

ሰኔ ሲመጣ መኪናዋን ዞሬ አየኋት። ጎማው በጋውን ሙሉ በአስፋልቱና በፀሐዩ ተበልቶ ጥርሱ አልቋል። አራት ክረምት የሚያሻግር ጎማ ነበር! «ይኼ ዳገት አያወጣህም፣ ሌላ ከአዲስ አበባ አስመጣ» አልኩት። ሳቀብኝ። «ይኼ ጎማ ዳገቱን ያውቀዋል» አለኝና ሄደ።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ሽማግሌው ታመሙ። ሆስፒታሉ ያኔ ከዳገቱ ማዶ ነበር። ሾፌሩ ማንም ሳይለምነው አቅፎ ጋቢና አስቀመጣቸውና ጎረቤቶቻቸውን ከኋላ ጭኖ ተነሳ። ዳገቱን ግማሽ ያህል እንደወጣ ጎማው ባለበት ይሽከረከር ጀመር። ማርሽ ቀየረ፣ ድንጋይ አነጠፈ፣ ቅጠል አነጠፈ። ምንም የለም። ይባስ ብሎ መኪናዋ ጭቃው ውስጥ ሰመጠች። በመጨረሻ አብረውት የመጡት ሰዎች ቃሬዛ ሊያመጡ ወደ መንደር ሮጡ፤ እሱም ሞተሩን አጠፋ።

ጸጥ አለ። በዘጠኝ ወር ውስጥ እዚያ ጋቢና ውስጥ ጸጥ ሲል የመጀመሪያው ነበር። የቆሙት መንገዱ እጥፍ ከሚልበት ቦታ ላይ፣ አንዲት ትልቅ ወይራ ሥር ነው።

ሽማግሌው ዓይናቸውን ገለጡና ወይራዋን አዩ። «እንግዲህ አባትህ ያተረፋት ዛፍ ይህች ናት» አሉ።

«የቱ አባቴ?» አለ ሾፌሩ ደንግጦ።

«ስንት አባት አለህ? መንገዱ እዚህ ላይ የሚጠመዘዘው በእሱ ነው። ያንተን መወለድ የሰማው እዚች ሥር ምሳ ስንበላ ነው። ከሰዓት በኋላ ቁረጧት ሲባል፣ የልጄን መወለድ የሰማሁባትን አላስነካም ብሎ ከአለቃው ጋር ተናነቀ። ሦስት ቀን ተከራክሮ አሸነፈ፤ መንገዱ ዞረ።» ከዚያ ዘወር ብለው አዩት። «በኅዳር ነግሬህ ነበር እኮ። አንገትህን ነቀነቅክልኝ።»

ሾፌሩ ተጠጋቸው። «ሌላስ? ሌላስ ምን ነገሩኝ?»

«ብዙ» አሉ ሽማግሌው። «እንዴት እንደሚዘፍን፣ ምን እንደሚያስቀው፣ ሊሞት ሲል ለአንተ ያለውን። በጋውን ሙሉ ስነግርህ አልነበረም እንዴ?»

ቃሬዛው ደረሰ። ሽማግሌውን ተሸክመው በዝናብ ውስጥ ወሰዷቸው። ሆስፒታል ሲገቡ ራሳቸውን አያውቁም ነበር፤ በሦስተኛው ቀን አረፉ። ቀድመው ቢደርሱ ይተርፉ ነበር ወይ ብለሽ እኔን አትጠይቂኝ፤ እሱን አላውቅም። የማውቀው በሚቀጥለው መስቀል ሾፌሩ ከሁሉም ቀድሞ እኔ ደጅ መቆሙን ነው። ቡሎኖቹን ራሱ ፈታ፣ ከዚያ በኋላ ያስመጣውን አዲሱን የጭቃ ጎማ ራሱ አጠበ፣ ስሙን ጽፎ ሚስማሩ ላይ ራሱ ሰቀለ። ከዚያ ወዲያ መኪናዋ በጋ በጋ ድምፅዋ አይሰማም ነበር። ጋቢናው ግን ባዶ ነበር። ሰው እዚያ እንዲቀመጥ አይፈቅድም ነበርና።

አሁን ወዳንቺ ልምጣ፣ አስካለ። እናትና አባትሽ በአንድ ዓመት ሲሞቱብሽ፣ ያን ትንሽ ወንድምሽን ይዘሽ ስትቀሪ አይቻለሁ። የእህሉን ሣጥን ቆልፈሽ ቁልፉን አንገትሽ ላይ አሠርሽ። ሳቅ ከለከልሽ፣ እንግዳ መለስሽ፣ አንዷን እንጀራ ለሁለት ቀን አደረግሽ። ጥርስ ነበረሽ፤ ጥርስሽም ሁለታችሁንም ከገደል አተረፋችሁ። ማንም ክፉ ነበርሽ ቢል እኔ እጣላዋለሁ።

ግን ተመልከቺ። ሣጥኑ ሙሉ ነው። ያ ልጅ ሰው ሆኗል። ባለፈው ሳምንት የሚያገባትን ልጅ ይዞልሽ መጣ፤ በመጪው እሑድ በሠርጉ ላይ በእናታችን ቦታ ተቀመጪልኝ አለሽ። አንቺ ግን የማን ልጅ ናት፣ ምን ትበላለህ፣ ማን አስፈቀደህ እያልሽ እንደ ዘበኛ ጠየቅሽው። ምሳውን ሳይቀምስ ወጣ። የነገርሽኝ አንቺው ነሽ። የጠየቅሽውን ሁሉ አንድም ሳይቀር ነገርሽኝ። እሱ ምን መለሰልሽ ብዬ ስጠይቅሽ ግን አላስታወስሽም።

ጠባይሽን ጣዪው አልልሽም፣ ልጄ። ክረምት ተመልሶ ይመጣል፤ የዛሬው ደስታ ለዘላለም ነው የሚልሽን አትመኚው። ግን በጋውን ሙሉ ስትነጂበት የከረምሽውን ጥንካሬ፣ ክረምቱ የመጣ ቀን ጥርሱ አልቆ ታገኚዋለሽ። እስከዚያም ድረስ ጎንሽ የተቀመጠው ሰው የሚነግርሽን አትሰሚም።

ያን ቁልፍ ከአንገትሽ አውጪና ቤትሽ ሚስማር ላይ ስቀዪው። የትም አይሄድብሽም። ከዚያ ወንድምሽን ዛሬውኑ አስጠሪው። ሲመጣ ምንም አትጠይቂው፤ ምን ብሎሽ እንደነበር እንዲደግምልሽ ብቻ ለምኚው።