መርዶ ከየት ይታያል?

አንድ ፊልም አዘጋጅ ነበረ። አንዲት ሴት የባሏን መርዶ የምትሰማበትን ትዕይንት ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲያወጣ ሲያወርድ ከረመ። ካሜራው የት እንደሚቆም፣ መቼ እንደሚጠጋ፣ መቼ እንደሚርቅ አንድ በአንድ በወረቀት ሣለ። ለቀረጻ የሚሆነውን ቤት አንዲት ባልቴት ለአንድ ማለዳ ፈቀደችለት።

ሥራው ጎህ ሲቀድ ተጀመረ። መጀመሪያ ካሜራውን ጣራው ሥር ሰቅሎ ሴትየዋን ከላይ ቁልቁል ቀረጻት፤ ትንሽና ብቸኛ ትመስላለች ብሎ ነበር። ተዋናይዋ ጮኸች፣ ደረቷን ደቃች፣ ወደቀች። ምስሉን መልሶ ሲያየው ግን ምንም አልተሰማውም። ወደ ፊቷ አስጠጋው፤ እንባዋ ምስሉን ሞላው። አሁንም ምንም የለም። ከወለል ወደ ላይ አደረገው። በጎን አዞረው። ካሜራማኑን አሸክሞ አሯሯጠው። ይህን ሲያደርግ ብርሃኑ እየነጣ ሄደ፤ የተዋናይዋም ድምፅ ተዘጋ። እሱ ግን እግሩ አላርፍ ብሎት ከግድግዳ ግድግዳ ይመላለሳል።

«እንደገና! አሁን ደግሞ ከመስኮቱ በኩል!»

በዚህ መሃል ጥግ ይዛ ትመለከት የነበረችው ባልቴት ድንገት ተነሥታ ወደ ጓሮ ወጣች። አዘጋጁ ደንግጦ ተከተላት።

«ምነው እማማ? ቅር አሰኘንዎት?»

«ኧረ የለም ልጄ፤ እናንተ ሥራችሁን ነው።» ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አደረገች። «እኔ ባለቤቴን የተረዳሁ ለት የማንንም ፊት አላየሁም። አቀርቅሬ ምስር ስለቅም ነበር። ቀና ሳልል እግሮች በሩ ላይ መጥተው ቆሙ። የጎረቤቶቼ መሆናቸውን ከጫማቸው ለየሁ። አንዱም አልገባ አለ። አንደኛው የበሩን ደፍ ይረግጥና ይመለሳል፣ ይረግጥና ይመለሳል። ማንም አፉን ሳይከፍት ያኔውኑ አወቅሁት።»

«የት ጋ ተቀምጠው ነበር?»

በእጇ አሳየችው። ገብቶ እዚያው በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ካሜራማኑ፣ «ቀጥሎ የቱ ነው?» ቢለው እንደ ባልቴቲቱ አቀርቅሮ ወደ በሩ አየ። ከዚያ ዝቅታ ላቀረቀረ ሰው በሩ ላይ የቆመ ከወገቡ በላይ አይታይም።

ከዚያ እርሳሱን አንሥቶ እቅዱን እንደ አዲስ ሣለ። ካሜራው በተቀመጠች ሴት ዓይን ልክ ይቆማል፤ ንቅንቅ አይልም። መጀመሪያ እግሮቹ፤ ቀጥሎ ከጀርባዋ ሆኖ እጇ ብቻ። ተዋናይዋንም፣ «አትጩኺ፤ ምስሩን ብቻ ልቀሚ» አላት።

እግሮቹ መጡ፤ ቆሙ። አንዱ ደፉን ረግጦ ተመለሰ። የተዋናይዋ ጣቶች ሰፌዱ ላይ ቀጥ አሉ። «በቃ» ብሎ ቀረጻውን የሚያስቆም ሰው ጠፋ። ካሜራማኑ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ይህን የተረከው የፊልም መምህር ታሪኩን ጨርሶ ወደ ጠየቀችው ተማሪ ዞረ።

«አንቺም፣ ‹ሐዘን እንዲሰማ ካሜራውን ከላይ ላድርገው ወይስ ከታች?› ብለሽ ጠየቅሽኝ። ያ ሰው ከላይም ከታችም ሞክሮታል። የሚያየው ግን ሴትየዋን ነበር፤ እሷ ያየችውን አላየም። አንቺም እንደሱ ወረቀትሽን ይዘሽ መጥተሻል። የተጎዳው ሰው የት እንደነበረ ጠይቂና ሄደሽ ቦታውን ያዢ። ከላይ ይሁን ከታች፣ ያኔ እኔን አትጠይቂኝም።»